የሥራ ግዴታ ወይስ የወረቀት ግዴታ?

በአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የሜዲኬይድ የጤና ሽፋን ከእ.ኤ.አ. 2027 መባቻ ጀምሮ አዲስ ቅድመ ሁኔታ ይጠብቀዋል። በ2010ሩ ሕግ መስፋፋት ሽፋን ያገኙ ጎልማሶች፣ ነፃ ካልተደረጉ በቀር፣ በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን፣ መማራቸውን ወይም በበጎ ፈቃድ ማገልገላቸውን ማስረዳት ይኖርባቸዋል። የደጋፊዎቹ መከራከሪያ «መሥራት የሚችል ይሥራ» የሚል ነው። መርሑ ለብዙዎች ቅን ይመስላል፤ ጥያቄው መለኪያው በእርግጥ ሥራን ይለካል ወይ ነው።

አርካንሳስ በ2018 ተመሳሳይ ግዴታ ስትጥል በጥቂት ወራት ውስጥ ከ18,000 በላይ ሰዎች ሽፋናቸውን አጡ፤ በ2019 የፌዴራል ዳኛ አሠራሩን አገደ። ጉዳዩን ያጠኑ ተመራማሪዎች የሥራ ስምሪት ጨምሮ አላገኙትም። ግዴታው ከተጣለባቸው አብዛኞቹ ቀድሞውንም ይሠሩ ነበር፤ አለዚያም ነፃ የሚያደርግ ምክንያት ነበራቸው። የጎደለው ሪፖርት ማድረጉ ነበር።

ሰዓታቸው ከሳምንት ሳምንት የሚዋዥቀው፣ በእኛም ማኅበረሰብ የሚበዙት የታክሲ ሾፌሮችና የአረጋውያን ተንከባካቢዎች ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። አዲሱ ሕግ ግዛቶች በተቻለ መጠን በእጃቸው ያለውን የገቢ መረጃ እንዲጠቀሙ ይጠይቃል። ክርክራችን እዚህ ላይ ይጽና፦ የማስረዳት ሸክሙ ከታማሚው ትከሻ ወደ መንግሥት መዝገብ ይዙር። አለዚያ የሚቆጠበው ገንዘብ ከሥራ ፈቱ ሳይሆን ከሠራተኛው የተወሰደ ይሆናል።