ሆድ ይፍጀው ያለ ብረት

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች በጣም የምንወዳት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «በአልትራሳውንድ ተመርምሮ ምንም ችግር አልተገኘበትም» የምትል። ድልድይም ይሁን ባቡር፣ ይህቺን ከጻፍን ዜናው ያለቀ ይመስለናል። እኔ ግን ገና አላለቀም ባይ ነኝ።

ለምን ቢሉ፣ ብረትም እንደ ሰው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ አምቆ የሚይዘው ነገር አለው። ሲበየድ፣ ሲቀጠቀጥ፣ ግሎ ሲቀዘቅዝ ሸክም ባይጫንበትም ውስጡ ውጥረት ይቀራል። የባቡርን ጎማ እንውሰድ። ፋብሪካው የጋለውን ጠርዝ በውኃ አቀዝቅዞ ሆን ብሎ የመጨመቅ ውጥረት ያስቀምጥበታል፤ ይህም ስንጥቅ እንዳይከፈት ይጠብቀዋል። ታዲያ ፍሬኑ ጎማውን እየፋተገ ከልክ በላይ ሲያግለው ውጥረቱ ተገልብጦ ወደ መሳሳብ ሊለወጥ ይችላል። ያኔ ትንሽ ስንጥቅ ካገኘ ጎማውን እስከ መስበር ይደርሳል።

ይህ ውጥረት በዓይን አይታይም። ብረቱን በስቶ መለካት ይቻላል፤ ግን የተበሳ ጎማ ማን መልሶ ይጠቀምበታል? አልትራሳውንድ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ በብረት ውስጥ እንደ ሞገዱ ዓይነት በሰከንድ 3200 ወይም 5900 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ብረቱ ሲወጠር ይህ ፍጥነት በጥቂቱ ይለወጣል። የስሌቱን መሠረት ሂዩዝና ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1953 አሳትመውታል። በባቡር ጎማ ላይ ንዝረታቸው አቅጣጫው የተለያየ ሁለት ሞገዶች ይላኩና የጉዞ ጊዜያቸው ይነጻጸራል። ችግሩ፣ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ የብረቱ ሙቀትና የቅንጣቶቹ አሰላለፍም ፍጥነቱን ይለውጡታል። ስለዚህ ለካሁ የሚል ሰው ከምን ጋር አነጻጽሮ እንደለካ መናገር አለበት።

እንግዲህ ነጥቤ ይሄ ነው። ስንጥቅ መፈለግና ውጥረት መለካት፣ ሁለቱም በአልትራሳውንድ ቢሠሩም፣ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ስንጥቅ የለውም ማለት ውጥረት የለውም ማለት አይደለም።

«ይሄ የኢንጂነሮች ጉዳይ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። አንባቢያችን ግን ነገ በዚያው ባቡር የሚሳፈረው እኛ የጻፍነውን አምኖ ሊሆን ይችላል። ስሌቱን መሥራት አይጠበቅብንም፤ መጠየቅ ግን ሥራችን ነው። ምን ፈልጋችሁ መረመራችሁ? ከምን ጋርስ አነጻጸራችሁ? ሁለቱን ሳንጠይቅ «ችግር የለም» ብለን ከጻፍን፣ ሆድ ይፍጀው ያልነው እኛው ነን።

ቸር ወሬ ያሰማን!