ፈቃጅም ከልካይም የሆነ ግስ

እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ካፋቸው ከማይለዩአቸው ግሶች አንዱ «ሌት» የሚባለው ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ሌሊትን ይመስላል እንጂ ከሌሊት ጋራ ዝምድና የለውም፤ ትርጓሜው «ፈቀደ፥ ተወ፥ ለቀቀ» ማለት ነው። እኛም ለብዙ ዓመታት ይህን ብቻ ስናስተምር ቈየን። ሌላም እንዳለው ያወቅነው ካፈርን በኋላ ነው።

ከተማሪዎቻችን አንዱ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ አግኝቶ ማታ ማታ ከአባቱ ጋራ እያስተያየ ያነብ ነበር። ወደ ሮሜ ሰዎች በተላከው መልእክት በምዕራፍ 1 ቍጥር 13 ቅዱስ ጳውሎስ ወደ እነርሱ ሊመጣ ብዙ ጊዜ ማሰቡን ይናገራል። አባትየው የያዙት አማርኛ ግን እንደ ተከለከለ ይገልጻል፤ ልጁ በእንግሊዝኛው ላይ «ሌት» የሚለውን አገኘና «ተፈቀደለት» ብሎ ተረጐመ። ክርክር ተነሣ። ልጁ በማግሥቱ መጥቶ ቢጠይቀን መዝገበ ቃላት እንኳ ሳንገልጥ «የማተሚያ ቤት ስሕተት ይሆናል» ብለን መለስነው። የትኛው መጽሐፍ እንደ ተሳሳተ አልነገርነውም፤ እርሱ ግን ስሕተቱን በአባቱ መጽሐፍ ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ኅሊናችን ቢወቅሰን ዘግይተን መረመርን። ለካ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ኹለት ልዩ ልዩ ግሶች ነበሩ፤ አንደኛው መተውንና መፍቀድን፥ ኹለተኛው ማዘግየትንና መከልከልን የሚያመለክት። ይህ ኹለተኛው «የዘገየ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ሰውን መከልከል በመጀመሪያ ማዘግየት ነበረና። ዘመን ሲረዝም ድምፃቸው አንድ ሆነ፥ ሞክሼም ሆኑ።

በቅኔ ቤት ግስ ለቈጠረ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። በግዕዝ «ሰፈየ» በመርፌ ሰፋ ማለት ነው፤ «ሰፍሐ» ደግሞ ቦታ ሰፋ ማለት ነው። ወደ አማርኛ ሲመጡ ኹለቱም «ሰፋ» ሆነው ቀሩ፤ የምንለያቸውም በአነጋገሩ ነው። የእኛዎቹ ግን እርስ በርሳቸው አይጣሉም፤ የእንግሊዝኛው ኹለቱ ተቃራኒዎች ናቸው፤ አስቸጋሪነቱም በዚህ ነው።

በንጉሥ ጄምስ ዘመን ተተርጕሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ኹለቱንም ይሠራባቸዋል። በኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር ብርሃን እንዲሆን ባዘዘበት ቦታ የፊተኛው አለ፤ በሮሜ መልእክትና በ2ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 2 ቍጥር 7 የኋለኛው አለ። ሼክስፒርም በሐምሌት ተውኔቱ፥ ልዑሉ የአባቱን መንፈስ እንዳይከተል የያዙትን ሰዎች በሚያስፈራራበት ቦታ፥ በዚሁ በመከልከል ትርጕም ጽፎታል። በ1881 ዓ.ም. የታረመው የእንግሊዝኛ አዲስ ኪዳን ሲወጣ በኹለቱም መልእክታት ያለው «ሌት» በሌሎች ቃላት ተተካ። የልጁ መጽሐፍ ከፊተኛው ወገን ነበረ።

ከልካዩ ግስ ዛሬ ከንግግር ጠፍቶአል፤ ዱካው ግን አለ። የእንግሊዝ መንግሥት ፓስፖርት ባለቤቱ ያለ መሰናክል እንዲያልፍ በሚጠይቅበት ቃል ውስጥ አንዱ ይኸው «ሌት» ነው። በሜዳ ቴኒስም የመጀመሪያዋ ምት መረቡን ነክታ በተገቢው ቦታ ብትወድቅ ዳኛው «ሌት» ይላል፤ ምቱም ይደገማል።

ስለ ፈቃጁ ግስ አጠቃቀም ጥቂት እንጨምር። ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ግስ «ቱ» የሚለውን አይሻም፤ ተማሪዎቻችን ግን ደጋግመው ይጨምሩበታል። ኀላፊውም ትንቢቱም መልኩን አይለውጥም። እኛ «ይሂድ፥ እንሂድ» ስንል ትእዛዙ በግሱ ራስ ላይ ባለችው ፊደል ያልቃል፤ እንግሊዞች ግን ለዚህ «ሌት»ን መጥራት አለባቸው። «ሌት አስ» ተብሎ ሳያጥር ሲነገር «ልቀቀን፥ ፍቀድልን» ሊሆን ይችላል፤ አጥሮ «ሌትስ» ሲባል ግን «እንዲህ እናድርግ» ማለት ብቻ ነው። በደጃፍ ላይ «ቱ ሌት» ተጽፎ ብታዩ ቤቱ ይከራያል ማለት ነው።

ወደ ልጁ ቤት የሄድነው በእሑድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ነው። ስሕተቱ የእኛ እንደ ነበረ በልጁ ፊት ተናገርን። አባትየው በዝምታ ከሰሙን በኋላ፥ «እንግዲያስ መምህር፥ ይህ ልጅ ነገ ለልጁ ሲያነብ እንዳይሳሳት እዚያው ይጻፉልኝ» አሉን። እርሳስ አምጥተውልን በሮሜና በተሰሎንቄ መልእክታት ላይ፥ ከእንግሊዝኛው ቃል በላይ፥ «ከለከለ» ብለን ጻፍን።