ዋጋው በመኪናው ነው ወይስ በንድፉ?

ከወረቀት የሚሠራውን ባለብዙ ገጽ ጌጥ እንደ ልጆች ጨዋታ የሚቈጥሩት ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ሆኖም በጀርመን አገር በሄርንሁት ከተማ የሚሠራው ባለ 25 ጫፍ ኮከብ ከመቶ ዓመት በላይ ገበያ ያላጣ ዕቃ ነው። ከጫፎቹም 17ቱ አራት ማዕዘን፥ 8ቱ ሦስት ማዕዘን መሠረት አላቸው።

በ1964 እ.ኤ.አ. የተፈለሰፈው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር እንዲህ ያለውን ሥራ እጅግ አቅልሎታል። ጨረሩ ወረቀቱን በስለት ሳይሆን በሙቀት አትንኖ ይቈርጣልና፥ ለእጅ የሚያስቸግረው ጥልፍልፍ ሁሉ በአጭር ጊዜ ይፈጸማል። ስለዚህም አንዳንድ ነጋዴ መኪናውን ከገዛ ዘንድ ሙያውንም የገዛ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው።

ባለ 6 ገጹ ኩብ በ11 ዓይነት ይዘረጋል፤ ባለ 12 ገጹ ቅርጽ ግን በ43,380 ዓይነት። ከነዚህ ወረቀት የሚቈጥበው የትኛው እንደ ሆነ፥ የማጣበቂያው ክንፍ የት እንደሚሸሸግ፥ ጨረሩ በልቶ ለሚያስቀረው ስፋት ምን ያህል እንደሚተው የሚወስነው ነዳፊው ነው። መኪናው የታዘዘውን እንጂ የሚሻለውን አይቈርጥም።

ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የአንዱ የብዙ ሳምንት ድካም በቅጽበት ተገልብጦ ሌላው በርካሽ ይሸጠዋል። ነዳፊው ዋጋውን ካጣ አዲስ ንድፍ አያወጣም፤ አዲስ ንድፍ ከታጣ ደግሞ የገልባጩም መኪና ሥራ ይፈታል። እንግዲህ ነጋዴው ንድፉን በጽሑፍ ውል ቢገዛና ከሽያጩ ለነዳፊው ድርሻ ቢያስብ፥ የሚጠብቀው የሌላውን መብት ብቻ ሳይሆን የራሱንም ገበያ ነው።