ጥጡን ያሳመመው ማነው?



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ለአንድነት ስንጠቅሰው ኖረናል። ለበሽታም ይሠራል ብል ማን ያምነኛል? ነገሩ ወዲህ ነው።

በእኔ አስተያየት የኮክን ፖስቹሌቶች «አንድ በሽታ፣ አንድ ተህዋስ» ብሎ ሸምድዶ መውጣት አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የፓኪስታንን ጥጥ ክፉኛ የጎዳውን የቅጠል መጠቅለል በሽታ እንመልከት። በነጭ ዝንብ የሚተላለፍ ቤጎሞቫይረስ ተገኘ፤ ለብቻው ወደ ጤነኛ ጥጥ ሲገባ ግን የታወቀው ምልክት አልመጣም። ሚስጥሩ የተፈታው በ2001 ነው። ለካ አብራው የምትኖር ቤታሳተላይት የምትባል ክብ፣ ባለ ነጠላ ሰንሰለት ዲኤንኤ ነበረች!

ይቺ ዲኤንኤ 1,350 ኑክሊዮታይድ ገደማ ብቻ ናት፤ የአጋዧ ቫይረስ ግማሽ ያህል። ብቻዋን መባዛት አትችልም። ማባዣውን ሬፕ ፕሮቲን፣ ካባውን፣ በነጭ ዝንብ መጓጓዣውንም የምታገኘው ከቫይረሱ ነው። ታዲያ ዝም ብላ የተሳፈረች መንገደኛ ናት? በፍጹም! የራሷ የሆነው ፕሮቲን፣ ቤታ ሲ ዋን፣ የተክሉን መከላከያ ያዳክማል፤ ቅጠሉንም ያጨማድዳል። እኛ እኮ እንደ አዴኖ አሶሼትድ ቫይረስ ያሉትን አጋዥ ፈላጊዎች «ጎደሎ» ብለን በአንድ መስመር እናልፋቸዋለን። ጎደሎ ማለት ግን አቅመ ቢስ ማለት አይደለም።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ጥጥ ለጋሞ ባዕድ አይደለም። በአባያና በጫሞ ዙሪያ ቆላው ያበቅለዋል፤ የዶርዜ ሴቶች ይፈትሉታል፤ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ነጭ ዝንብም በአገራችን የጥጥ ማሳ የታወቀች ተባይ ናት። በጎረቤታችን ሱዳን ደግሞ የገዚራን ስም የያዘ የጥጥ ቅጠል ጠቅላይ ቫይረስ ከነቤታሳተላይቱ ተመዝግቧል። «ሲመጣ እናያለን» ማለት አያዋጣም።

ስለዚህ ለመስክ ልምምድ ወደ ጥጥና ባሚያ ማሳ ስንወጣ፣ ከተጨማደደ ቅጠል ላይ ሁለት የፒሲአር ምርመራ እንሥራ፤ አንዱ ለቫይረሱ፣ አንዱ ለሳተላይቷ። ወጪ አለው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ቅጠሉም ዲኤንኤ ማውጣቱም ያው አንድ ነው፤ የሚጨመረው ሁለተኛ ፕራይመርና ጥቂት ኬሚካል ነው። ዘር ሲፈተንም በጥምረቱ ይፈተን። በቫይረሱ ብቻ ተሞክሮ «ይቋቋማል» የተባለ ዘር፣ ሁለቱ ተባብረው ሲመጡ ገበሬውን ጉድ ሊያደርገው ይችላል።

የታመመ ቅጠል ስናይ «ማነው?» ካልን በኋላ «ከማን ጋር ነው?» ማለትንም እንልመድ እላለሁ። ቸር ይግጠመን!