በንጉሥ ትእዛዝ? በየትኛው ንጉሥ?

«ኢየሱስ አምላክ የተባለው ኒቅያ ላይ ነው። ቆስጠንጢኖስ ጳጳሳቱን ሰብስቦ እጅ አስወጣ፤ አለቀ።» ይህ አባባል በማኅበራዊ ሚዲያ የሃይማኖት ክርክሮች ውስጥ ከመደጋገሙ የተነሣ ማስረጃ የሚጠይቅበት ሰው ጠፍቷል። ተናጋሪው የከተማውንም የንጉሡንም ስም ስለሚጠራ ያነበበ ይመስላል። ታሪኩን ግን ገልብጦታል።

በ325 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒቅያ የተሰበሰቡት ክርስቶስ ይመለክ አይመለክ ብለው አልተከራከሩም። በጉባኤው የተወገዘው አርዮስ ራሱ አምላክ ይለው ነበር። ከጉባኤው ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ ፕሊኒ የተባለ አረማዊ የሮም አገረ ገዥ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን ሲጽፍ፣ ክርስቲያኖች ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩለት ነግሮታል። ያጣላው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ የሚመለከው ወልድ ከአብ ባሕርይ የተወለደ ነው ወይስ ከዓለም በፊት የተፈጠረ? አርዮስ ፍጡር ነው አለ። የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ ኋላ በጻፋቸው መጻሕፍት የመለሰለት አጥብቆ ነው፦ ፍጡር ከሆነ እንዴት ይሰገድለታል? ራሱ የተፈጠረስ ሌላውን ፍጡር እንዴት ያድናል?

ንጉሡ እጁን አላስገባም አልልም። ጉባኤውን የጠራው፣ አርዮስንና እስከ መጨረሻ አብረውት የጸኑትን ሁለት የሊቢያ ጳጳሳት ያጋዘው እሱ ነው። ቀጥሎ የሆነውን ግን ተከራካሪዎቻችን አይነግሩንም። ይኸው ቆስጠንጢኖስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አርዮስን ከግዞት መለሰው፤ በ335 አትናቴዎስን ዛሬ ጀርመን ወዳለችው ትሪየር ሰደደው፤ በ337 ሊሞት ሲል ያጠመቀው ደግሞ የአርዮስ ዋና ደጋፊ የነበረው የኒቆምድያው አውሳብዮስ ነው። ልጁ ቆንስጣንዮስማ የለየለት የኒቅያ ተቃዋሚ ሆነ። አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰዷል፤ ያሳደዱትም ነገሥታት ናቸው።

ይህ የቤተ መንግሥት ኃይል እኛም ዘንድ ደርሶ ነበር። በ356 ገደማ ቆንስጣንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ አትናቴዎስ የሾመውን ፍሬምናጦስን፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፣ ወደ ግብፅ ላኩት፤ በእስክንድርያው ጳጳስ በጊዮርጊስ ይመርመር። (ይህ ጊዮርጊስ ሰማዕቱ አይደለም፤ በአትናቴዎስ መንበር ላይ በወታደር ኃይል የተቀመጠ አርዮሳዊ ነው።) የዓለም ኃያል ቤተ መንግሥት የአክሱምን ጳጳስ እምነት ለማስመርመር ይህን ያህል ርቀት ደብዳቤ ልኳል። የኒቅያ ሃይማኖት የቤተ መንግሥት ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ለምን ተጻፈ? ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ የአትናቴዎስንና በኒቅያ የተሰበሰቡትን የሠለስቱ ምዕትን ቅዳሴ ስትቀድስ፣ የምታከብራቸው ቆንስጣንዮስ የደገፋቸውን አይደለም።

ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስስ? አዎ፣ በ380 የኒቅያን እምነት ሕግ አድርጎ አውጇል፤ የተቃወሙትንም ከየቤተ ክርስቲያኑ አስወጥቷል። ያ ሕግ የሚወደስ አይመስለኝም። የወጣው ግን ከጉባኤው ከሃምሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ እምነቱ ብዙውን ጊዜ ከቤተ መንግሥት ጋር እየተጋፋ ከኖረ በኋላ ነው።

ወቀሳዬ ግን በተከራካሪዎቹ ላይ ብቻ አይደለም። የእኛ ሰባክያን ለዚህ ሁሉ ያላቸው መልስ «አርዮስ!» ብሎ መሳደብ ሆኗል። የአርዮስ ሆድ እንዴት እንደተዘረገፈ የማያውቅ ምእመን የለም፤ አርዮስ ምን እንዳስተማረ፣ ለምን ብዙ ሰው እንደተከተለው፣ አትናቴዎስ በምን ቃል እንደረታው የሚያስረዳ ግን ስንት ነው? አሟሟቱን እየሰማ ያደገ ወጣት በስልኩ የመጀመሪያው ጠያቂ ሲገጥመው አፉን ቢይዝ አያስደንቅም። ስድቡ ይቅርና ክርክሩን አስተምሩት። የቆንስጣንዮስን ደብዳቤ ለማግኘትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አትናቴዎስ ለዚያው ንጉሥ በጻፈው የመከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል።