ከቡናው ሽታው

ቶሞካ በገባሁ ቁጥር አንድ ነገር ያናድደኛል፤ ቡናው ከሽታው ያንሳል። ገና ከፒያሳ ስታጠፍ ሽታው መንገድ ላይ ይቀበለኛል፤ አፌ ምራቅ ይሞላል፣ እርምጃዬ ይፈጥናል። ከፍዬ፣ ወረቀቷን አስረክቤ፣ ከፍ ባለው ጠረጴዛ ጥግ ቆሜ የመጀመሪያዋን ፉት ስል ግን በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ቡናው ከፍቶ አይደለም፤ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ሲቆላ የኖረ ነው፣ ያውቅበታል። ጥፋቱ የኔ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ያሉት ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት ድግሳቸውን በር ላይ ጨርሰውት ይገባሉ።

ዶፓሚንን ሬዲዮኑም ቲክቶኩም «የደስታ ሆርሞን» ይለዋል። ስሙ አይዋጥልኝም። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለ የአንጎል ተመራማሪ ለጦጣዎች ጭማቂ ጠብ እያደረገ እነዚህን ሕዋሳት ያደምጥ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሕዋሳቱ የሚንጫጩት ጭማቂው ሲመጣ ነው። ከጭማቂው በፊት መብራት እንደሚበራ ጦጣዋ ስትለምድ ግን ጫጫታው ወደ መብራቱ ዞረ፤ ጭማቂው ሲመጣ ዝም። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ፣ ልክ መምጣት በነበረበት ቅጽበት፣ ሕዋሳቱ ከወትሯቸው በታች ጭጭ አሉ።

ያቺን ጭጭታ አውቃታለሁ። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ አንድ ምሽት ሐሳቤ ሌላ ቦታ እያለ እግሬ በልማዱ ወደዚያው ይዞኝ ወረደ። ጥብስ ሊሸተኝ በሚገባበት ቦታ አቧራ ሸተተኝ። የተናደድኩ መስሎኝ ነበር፤ ንዴት አልነበረም። ደረጃ አለ ብለው ሲረግጡ ባዶ እንደሚሆነው ያለ ነገር ነው።

ሌላው ተመራማሪ ኬንት ቤሪጅ ነው። በእሱ ሙከራ ዶፓሚናቸው የተሟጠጠ አይጦች ምግብ አጠገባቸው እያለ ተነስተው አይበሉም፤ ቢተዋቸው በረሃብ ያልቃሉ። ስኳር ውኃ አፋቸው ውስጥ ሲጨመርላቸው ግን እንደ ማንኛውም አይጥ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ጣዕሙ አልጠፋባቸውም፤ የጠፋው አምሮቱ ነው።

የአራዳ ልጅ ይህን ለመለየት ቤተ ሙከራ አላስፈለገውም። የቃሚው ሐራራ፣ ማለትም አምሮቱ፣ ሌላ፤ ምርቃናው፣ ማለትም ደስታው፣ ሌላ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ዶፓሚንን በገፍ ያስለቅቃል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉን ያጣል፤ የአወዳይ ጫት የጫነ መኪና እንደዚያ የሚበረው ለዚህ ነው። ዕድሜ ጠገብ ቃሚ ግን ምርቃናው ከዓመት ዓመት እየሳሳበት፣ ሐራራው እየጠናበት ይሄዳል። ሰዓቱ ሲደርስ የሚጣደፈው ሊደሰት ይመስላችኋል?

የስፖርት ውርርዱም እንዲሁ። ወጣቱን «ደስታ ፈላጊ» እያልን እንወቅሰዋለን፤ እስቲ ጨዋታ እያየ ፊቱን እዩት። ስምንት ግጥሚያ ገምቶ ሰባቱ ሲሳካለት «አንዷ በላችኝ» ይላል፤ ለጥቂት መሳት ለአንጎል ከመሸነፍ ይልቅ ማሸነፍን ስለሚመስለው ቀጣዩን ትኬት ይቆርጣል። የፓርኪንሰን ሕሙማንን ታሪክ የሰማ ሰው በዚህ ልጅ ላይ ለመፍረድ ትንሽ ይዘገያል። በሽታው ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳትን ይገድላል፤ ዶፓሚንን ተክተው የሚሠሩ መድኃኒቶች ሲሰጧቸው ቁማር ነክተው የማያውቁ አንዳንድ አዛውንቶች ቁማርተኛ ሆነው ተገኝተዋል። መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ብዙዎቹ ተዉት። ጸባያቸው መቼ ተበላሸና መቼ ታረመ እንበል?

ለብሔራዊ ሎተሪ ግን አዳላለሁ፤ መቼም የኔ ትውልድ ነገር ነው። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሸጠው ከገንዘቡ ይልቅ በግዢውና በዕጣው መካከል ያሉትን ቀናት ነው። ሰውየው በእነዚያ ቀናት ቤት ይሠራል፣ ልጅ ይድራል፣ ዕዳ ይከፍላል። ስልክ ላይ ያለው ውርርድ ያንን ሁሉ ቀን ጨምቆ ዘጠና ደቂቃ አደረገው፤ በየደቂቃው አዲስ መብራት ያበራል።

ባለፈው ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ አዟሪ ልጅ «ጋሼ፣ ነገ ነው የሚወጣው» አለኝና አንድ ገዛሁት። ዕጣው ከወጣ ሳምንት ሆነው። ወረቀቱ ኮት ኪሴ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩን አላየሁም።