ለሚዛወር ሠራተኛ አሠሪውም ይዘጋጅ

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በይፋ ሲመሠረት ዋና መቀመጫው ሆሳዕና ቢሆንም፣ ቢሮዎቹ በተለያዩ ከተሞች ተደልድለዋል፤ ለወልቂጤና ለቡታጅራም ድርሻቸው ደርሷቸዋል። ለዓመታት በቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ በሀዋሳ የኖረ የመንግሥት ሠራተኛ ጓዙን ጠቅልሎ ወደማያውቀው ከተማ፣ አንዳንዱም ወደማያውቀው የሥራ መደብ ተዛወረ። ድልድሉ ለከተሞቹ በጎ ነው። የሠራተኛው ኑሮ ግን የቢሮዎቹን ያህል አልታሰበበትም።

ቤተሰቡን ሀዋሳ ትቶ ቡታጅራ የተመደበ ባለሙያ ዓርብ ከሥራ እንደወጣ መናኸሪያ ይሄዳል፤ በባቱ በኩል አድርጎ ሲመሽ ቤቱ ይገባል፤ እሑድ ከሰዓት ደግሞ ተመልሶ ጉዞ ነው። ከአንድ ደመወዝ ሁለት የቤት ኪራይ ይከፍላል። ደመወዙ የዘገየ ዕለት እንግዳ ነውና ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ እንኳ የለውም። ሰኞ ጠዋት ባለጉዳይ የሚያስተናግደው ይኸው ሰው ነው።

ከሥራ ወደ ሥራ መሻገር ወልቂጤና ቡታጅራ ላሉበት የጉራጌ ምድር እንግዳ አይደለም። ጫማ ከማሳመር ተነስቶ መርካቶ ሱቅ የከፈተው ብዙ ነው። ይህ የሆነው በግል ትጋት ብቻ ነው ማለት ግን ስህተት ይሆናል። አዲስ መጪውን ዘመድ ቤቱ ያሳድረውና ሱቁ ውስጥ ሥራ ያለማምደዋል፤ ዕቁብ መነሻ ገንዘብ ይሆነዋል፤ ዕድር ሐዘኑን ይሸከምለታል። በደብዳቤ የተዛወረ ሠራተኛ ዕድሩንም ዕቁቡንም ጥሎ ነው የሚመጣው። ክፍተቱን መሙላት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ የጋዜጣው አቋምም ይህ ነው።

ደመወዝ በቀኑ መክፈል ከሁሉ ይቀድማል፤ እሱ ሳይሟላ ስለ ሠራተኛ ደኅንነት ማውራት ከንቱ ነው። ባልና ሚስት ሠራተኞች በአንድ ከተማ ይመደቡ። መደቡ የተቀየረ ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ይሠልጥን፤ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ አጫጭር ሥልጠና ማዘጋጀት ይችላል።

የአእምሮ ጤናም እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በድብርትና በጭንቀት ሳቢያ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚባክን ይገምታሉ። ቡታጅራ ደግሞ በዚህ ረገድ አገር የተማረባት ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መጨረሻ በከተማዋ ዙሪያ የገጠር ጤና ፕሮግራም የጀመረ ሲሆን፣ በ1990 ዓ.ም. የተጀመረ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት አጣርቶ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዓመታት ተከታትሏል። የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሰጥ እንደሚችልም በዚያው በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ ታይቷል። የጨነቀው ሠራተኛ ስሙ ሳይነሳ፣ ዕድገቱም ሳይነካ ወደ ጤና ጣቢያ የሚላክበትን አሠራር የየቢሮው የሰው ሀብት ክፍል አሁኑኑ ሊዘረጋ ይገባል።

የግል ድርጅቶችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀን ፈቃድ እንዲሰጥ ደንግጓል። የሥራ ተቆጣጣሪዎች በወልቂጤና በቡታጅራ ሆቴሎችና ሱቆች እየዞሩ መዝገብ ያገላብጡ፤ አስተናጋጇንም ከባለቤቱ ለይተው ያነጋግሯት።